ያገለገለ ቦብካት ልገዛ ነው፤ ምኑን ልይ?

ጥያቄው ከአዳማ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከወንድሜ ጋር ሆነን ያገለገለ ቦብካት (ከፊቱ ባኬት ያለው ትንሽ የአፈር መጫኛ ማሽን) ገዝተን ለሳይት ልናከራይ አስበናል። አዲስ አበባ አንድ ደላላ ኤስ185 የሚባለውን ሞዴል አሳየን። ከዱባይ የመጣ ነው፣ የሠራበት ሰዓት 2,900 ነው፣ ቀለሙ አዲስ ነው፣ ሲነሳም ድምፁ ጥሩ ነው። ሌላ ገዢ ስላለ እስከ ዓርብ ቀብድ ጣሉ ተብለናል። ስለ ማሽን ብዙም አናውቅም። ምን ምን እናረጋግጥ? ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ እንሽጠው ብንልስ ዋጋ ያወጣል?»

ሰላም ወንድሜ፤

መጀመሪያ ዓርብን እርሳው። «ሌላ ገዢ አለ» የማይል ደላላ እስካሁን አላጋጠመኝም። ማሽኑ ጥሩ ከሆነ ሰኞም ጥሩ ነው። ሌላው ሰው ቀድሞ ከወሰደውም ይውሰደው፤ አገሩ ውስጥ ያለው ኤስ185 እሱ ብቻ አይደለም።

ከዘረዘርካቸው ነገሮች ደግሞ አንዱም ስለ ማሽኑ ጤና አይነግረኝም። የሰዓት ቆጣሪ ይቀየራል። ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል። ቆሞ ሲነሳ ድምፁ የሚያምር ሞተር ሥራ ላይ ምን እንደሚሆን ገና አልታወቀም። የቦብካት ትልቁ ወጪ ያለው ከሞተሩ ቀጥሎ ባለው የሃይድሮሊክ መንጃ ላይ ነው። እሱ ደግሞ እውነቱን የሚያወጣው ዘይቱ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሳው፣ ማሽኑን ግን ሲሞቅ ፍረደው። ከዚህ በታች የምጽፍልህ ይህን እንዴት እንደምታደርግ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልንገርህ፤ አለዚያ ፍተሻው ትርጉም አይሰጥህም። ቦብካት እንደ መኪና ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የለውም። ሞተሩ ሁለት ፓምፖችን ያዞራል፤ አንዱ ለግራ ጎን፣ አንዱ ለቀኝ። እያንዳንዱ ፓምፕ በጎኑ ያለውን ድራይቭ ሞተር በዘይት ግፊት ይነዳል። ድራይቭ ሞተሩ ደግሞ በሰንሰለት የፊቱንና የኋላውን ጎማ አንድ ላይ ያዞራል። መሪ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ጎን ፈጥኖ ሌላው ሲዘገይ ማሽኑ ጎማውን መሬት ላይ እየጎተተ ይዞራል። በጠባብ ቦታ ባለበት የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። ሲጀመርም የተሠራው ለጠባብ ቦታ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ውስጥ ሲሪልና ሉዊስ ኬለር የሚባሉ ወንድማማቾች አንድ የቱርኪ ዶሮ አርቢ ቤቱን የሚጠርግበት ትንሽ ማሽን ሲፈልግ ሠሩለት። ያኔ ባለ ሦስት ጎማ ነበር። ባለ አራት ጎማው በ1960 መጣ።

ፓምፑና ድራይቭ ሞተሩ ውስጥ እጅግ ተጠጋግተው የሚፋተጉ ብረቶች አሉ። እያለቁ ሲሄዱ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ወፍራም ስለሆነ ክፍተቱ አይታወቅም። ሲሞቅ ይቀጥንና በዚያች ክፍተት ማምለጥ ይጀምራል። ጠዋት በሬ የነበረው ማሽን እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ዳገት እምቢ ይላል። ሻጭ ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው አስነስቶ፣ አሥር ደቂቃ ወዲያ ወዲህ አድርጎ፣ «አየኸው አይደል?» ብሎ የሚያጠፋው።

እንግዲህ ጠዋት በማለዳ ሂድ። ከቻልክ የተቀጠርክበት ሰዓት ሳይደርስ ድረስ። የኋላውን በር አስከፍትና እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ። ከሞቀ አንድ ሰው ቀድሞህ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ለምን ብለህ ጠይቅ። መልሱ ካልጣመህ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ከሆነ ከማስነሳትህ በፊት የሞተሩን ዘይት፣ የራዲያተሩን ውሃና የሃይድሮሊኩን ዘይት እይ። የሃይድሮሊክ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። የተቃጠለ ከሸተተ ማሽኑ ለብዙ ጊዜ ከልክ በላይ እየጋለ ሠርቷል።

ሲነሳ ሞተሪኖውን አዳምጥ። ለጥቂት ሰከንድ የሚወጣ ነጭ ጭስ በአዲስ አበባ ጠዋት አያስደነግጥም። ከሞቀ በኋላም ሰማያዊ ጭስ ካላቋረጠ ዘይት እየበላ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተህ ላዩ ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም። እየተስፈነጠረ ከወደቀ ወይም ጭስ በኃይል ከተፋ ፒስተንና ሪንጉ ደክሟል። የኤስ185 ሞተር ባለ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ኩቦታ ነው፣ አራት ሲሊንደር፣ 56 የፈረስ ጉልበት። ጠንካራ ሞተር ነው፤ አገር ውስጥ የሚያውቀው መካኒክም አይጠፋም። ሞተር ትንሽ ደከም ማለቱ ብቻውን ማሽን አያስጥልም። ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ።

ተርቦ ካልኩ አይቀር፣ ለኛ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ወደ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ሲደርስ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል አጥቷል ማለት ነው። ደላላው ነገ «ኤስ175 አለ፣ ያው ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል» ቢልህ ያው አይደለም። ያኛው ተርቦ የለውም። እንደነዚህ ያሉት ላይ ሥራ ሲከብዳቸው ጥቁር ጭስ ብታይ ሞተሩ ሞቷል ብለህ አትደምድም፤ አየር አጥሮት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሰዓት ቆጣሪው እንምጣ። ኤስ185 አዲስ ሞዴል አይደለም፤ ቢያንስ አሥር ዓመት አልፎታል። 2,900 ሰዓት ለአሥር ዓመት ብታካፍለው በዓመት 290 ሰዓት ይመጣል። ሳይት ላይ ያለ ማሽን በቀን ስምንት ሰዓት፣ በወር ሃያ አምስት ቀን ቢሠራ በዓመት 2,400 ይሞላል። ስለዚህ ይህ ማሽን ወይ አብዛኛውን ዕድሜውን ቆሞ ነው ያሳለፈው፣ ወይ ቆጣሪው ተነክቷል። ቆሞ ከነበረም ጥሩ ነው አልልህም። ለረጅም ጊዜ የቆመ ማሽን ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋው ጎማ) ይደርቃል።

ታዲያ ከቆጣሪው ይልቅ ፔዳሉን እይ። በተለመደው ኤስ185 ላይ ኦፕሬተሩ በእጁ ይነዳል፣ ቡሙንና (ባኬቱን የሚያነሳውን ክንድ) ባኬቱን በእግሩ ያዛል። በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ይረግጠዋል። አንድ ጊዜ ያየሁት ማሽን ቆጣሪው ከ2,000 በታች ይላል። የግራው ፔዳል ግን ጫማ እንዳይንሸራተት የተሠራው ጉርብጥብጥ ጨርሶ ጠፍቶ፣ ተረከዝ የሚያርፍበት ጠርዝ እንደ ምላጭ ሳስቷል። መቀመጫው አዲስ ነበር፤ የመቀመጫው መቆሚያ ብረት ግን ሁለት ቦታ ተበይዷል። እጀታዎቹ ጎማቸው ተቀይሯል፤ ሥራቸው ያለው መገጣጠሚያ ግን ወዲያ ወዲህ ይወላገዳል። ያን ሁሉ 2,000 ሰዓት አያደርገውም። ሻጭ መቀመጫ ይቀይራል፣ ፔዳል መቀየር ትዝ አይለውም።

ሰዓት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት ማሽን ከ5,000 ሰዓት በኋላም ይሠራል። ያልተቀየረለት በግማሹ ይወድቃል። በዚህ ማሽን የሃይድሮሊክ ዘይቱም የሰንሰለት ቤቱ ዘይትም በየ1,000 ሰዓቱ ይቀየራሉ። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተቀየሩ ጠይቅ። «ሁሌም እንቀይራለን» መልስ አይደለም።

ቀጥሎ ካቢኑን አስነሳው። ከፊት በኩል ግራና ቀኝ ያሉት ብሎኖች ሲፈቱ ካቢኑ ወደ ኋላ ያጋድላል። ሻጩ «ምን ያደርግልሃል?» ካለህ እዚያው ላይ ጥርጣሬህ ይጨምር። ከሥር ፓምፑ፣ ቫልቩና ቱቦዎቹ ይታያሉ። ትንሽ ዘይትና አቧራ የተለመደ ነው። አዲስ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ተመልሰህ እይ፤ የሚያንጠባጥበው ከየት እንደሆነ ያኔ ራሱ ያሳይሃል። የኤሌክትሪክ ገመድ ተቆርጦ በስኮች ተጠቅልሎ ካየህ ደግሞ የት እንደሚሄድ ተከታተል። ወደሱ እመለሳለሁ።

አሁን ብዙ ገዢ የማያየው ቦታ፣ የሰንሰለት ቤቱ። ግራና ቀኝ ያሉት ጎማዎች መካከል፣ ከሥር፣ ሰንሰለቶቹ ዘይት ውስጥ የሚዞሩበት የተዘጋ ሳጥን አለ። የዘይቱ መጠን የሚታይበት ቡሎን አለው። መካኒክህ እሱን ሲፈታ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ ከሆነ ደህና ነው። ቡሎኑ ገና ሳይወጣ ዘይቱ ግልብጥ ብሎ ከፈሰሰ ግን ሳጥኑ ከልክ በላይ ሞልቷል። ማን ሞላው? ብዙ ጊዜ መልሱ የድራይቭ ሞተሩ ኦይል ሲል ነው። ሲበላሽ የሃይድሮሊክ ዘይት ወደ ሰንሰለት ቤቱ ይገባል። ባለቤቱ ከላይ ሃይድሮሊክ ይጨምራል፤ መሬት ላይ ጠብታ ስለማያይ የት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። በተቃራኒው ሳጥኑ ከጎደለ የጎማዎቹን መሃል እይ፤ የአክስሉ ኦይል ሲል እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ከዘይቱ ትንሽ ነጭ ወረቀት ላይ አፍስስና ፀሐይ ላይ ዘንበል አድርገው። ደቃቅ ግራጫ ነገር የተለመደ ነው። በጣት የሚዳሰስ የብረት ስባሪ ካለ ሰንሰለት፣ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው።

ከዚያ ማሽኑ በክሪክ ተነስቶ፣ ከሥሩ በደንብ ተደግፎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ እያንዳንዱን ጎማ በሁለት እጅህ ይዘህ ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዘው። ትንሽ ክፍተት ይኖራል። ጎማው እንደ ልቡ ሄዶ ቋ ብሎ የሚቆም ከሆነ ሰንሰለቱ ላልቷል ወይም ረዝሟል። አራቱን አወዳድር። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከተለየ ችግሩ እዚያ ነው።

ጎማ ከነካን፣ አራቱም እኩል መሆን አለባቸው። በተለይ በአንድ ጎን ያሉት ፊትና ኋላ። በሰንሰለት ስለታሰሩ እኩል ቁጥር ይዞራሉ። አንዱ አዲስና ትልቅ፣ ሌላው ያለቀና ትንሽ ከሆነ እርስ በርስ ሲጓተቱ ይውላሉ። የሚጎዳው ሰንሰለቱና ጎማው ነው። ሁለት አዲስና ሁለት ያረጁ ጎማ ያለው ማሽን ካጋጠመህ አዲሶቹ ሁለቱም በአንድ ጎን ይሁኑ እንጂ ፊት ለፊት ብቻ አይሁኑ። ደግሞም የኮብልስቶንና የአስፋልት ሥራ የምታበዛ ከሆነ የጎማ ወጪን ቀድመህ አስላ። ማሽኑ እየጎተተ ነው የሚዞረው፤ ጎማው ደረቅ መሬት ላይ ቶሎ ያልቃል።

አሁን ሥራው። የአፈር ወይም የአሸዋ ክምር ያለበት ቦታ ይሁን። የምታምነው ኦፕሬተር ይዘህ ሂድ፤ የሻጩን አትቀበል። ቢያንስ ሦስት ሩብ ሰዓት ሳያቋርጥ ያሠራው። ይዛቅ፣ ይገፋ፣ ይዙር። ዘይቱ በደንብ ሲግል ፈተናው ይጀምራል። ባኬቱን ክምሩ ውስጥ ሰክቶ፣ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ፣ ሁለቱን እጀታ ቀስ እያለ ወደፊት ይግፋ። ጤነኛ ማሽን ወይ ጎማው መሬቱን እየቧጨረ ይሽከረከራል፣ ወይ ሞተሩ ጭነቱ ተሰምቶት ድምፁ ይወርዳል። ሁለቱም ጥሩ ነው፤ ጉልበቱ ጎማው ድረስ ደርሷል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ጎማው ይቆማል፣ ሞተሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ያንኑ ድምፅ ያሰማል። ያኔ ዘይቱ ውስጥ ለውስጥ እያመለጠ ነው። ያን ጊዜ የምታየው ምልክት ፓምፕ ወይም ድራይቭ ሞተር ማለት ነው፤ የማሽኑ ውድ ዕቃዎች እነዚህ ናቸው።

ይህንኑ ወደኋላም ሞክሩት። ከዚያ ደልዳላ ቦታ ላይ እጀታዎቹን እኩል ገፍቶ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ሁሌም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አንዱ ወገን ደክሟል፤ ማስተካከያው ተዛብቶ ሊሆንም ይችላል፣ እሱ ርካሽ ነው። ብቃት ያለው መካኒክ የሁለቱን ጎን ቱቦ አቀያይሮ ጥፋቱ የፓምፑ ይሁን የድራይቭ ሞተሩ ይለያል። ሁለቱም ጎን እኩል ከደከመ ደግሞ ነገሩ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም ለሁለቱ ፓምፖች ዘይት የሚያቀብለው አነስተኛው ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደከመ ብለህ ወዲያው አትሩጥ፤ ምኑ እንደደከመ እወቅና ዋጋውን ቀንስ።

ቡሙን ለመፈተን ማሽኑ ሞቆ ሳለ ባኬቱን ወደ መሬት ተጭኖ የፊት ጎማዎቹን ያንሳ፤ ከዚያ ፔዳሉን ይልቀቅ። ጎማዎቹ ከፍ እንዳሉ ትንሽ መቆየት አለባቸው። ወዲያው ከወረዱ የቡሙ ሲሊንደር ኦይል ሲል ወይም ቫልቩ ያፈሳል። የሲሊንደር ኦይል ሲል መቀየር ቀላል ወጪ ነው። አደራ፣ የተነሳ ቡም ሥር ማንም እንዳይገባ። ግድ መግባት ካለበት የቡም መደገፊያው ብረት ይግጠም። በዚህ ማሽን ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

ያ የተቆረጠ ገመድ ትዝ ይበልህ። ኦፕሬተሩ የመቀመጫውን ብረት ዘንግ ወደ ላይ ሲያነሳ መንጃውም ቡሙም መቆለፍ አለበት። ሞክረው። ዘንጉ ተነስቶ ማሽኑ ከተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ሴንሰሩ ሲበላሽበት በገመድ አልፎታል። እዚህ አገር በጣም የተለመደ ነው፤ «አይቆልፍም፣ ምቹ ነው» ብለው እንደ ጥቅም ይነግሩሃል። ለአከራይ ግን ዕዳ ነው። ነገ የሰው ልጅ ቢጎዳበት የምትጠየቀው አንተ ነህ። ወይ ከመግዛትህ በፊት እነሱ ያስተካክሉ፣ ወይ ወጪውን ከዋጋው አስቀንስ።

የቡሙን ፒንና ቡሽ (የመገጣጠሚያውን ዘንግና ዘንጉ የሚያርፍበትን ቀለበት) በዓይን ብቻ አትይ። ባኬቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ኦፕሬተሩ ትንሽ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው አንተ ራቅ ብለህ መገጣጠሚያዎቹን ተመልከት። ፒኑ ተንቀሳቅሶ ቡሙ ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ቡሹ አልቋል። ባኬቱን የሚይዘው ፈጣን መግጠሚያ ላይም ቁልፎቹ እስከ ታች መውረዳቸውን እይ። ቀለም ከተቀባ ማሽን ላይ የምፈራው ብየዳውን መደበቁን ነው። የቡሙን ማጠፊያዎች በእጅህ ዳብስ። ወፍራም፣ ወጣ ገባ ያለ ብየዳ ከቀለሙ ሥር ይታወቃል። ጃክሃመር (ድንጋይና ኮንክሪት መስበሪያ) ላይ የኖረ ማሽን ፒኑ፣ ቡሙና የካቢኑ ብሎኖች ቶሎ ይላላሉ። ሻጩ ጃክሃመር አብሮ ልሽጥልህ ካለ ማሽኑ የት እንደኖረ ነገረህ ማለት ነው።

ባኬቱንም ለካው። ኤስ185 የሚለው ቁጥር ባዶ ስም አይደለም፤ የተፈቀደለት ጭነት 1,850 ፓውንድ ነው፣ ወደ 840 ኪሎ። ይህም ማሽኑ የሚገለበጥበት ክብደት ግማሽ ነው። 0.4 ሜትር ኩብ የሚይዝ ባኬት በእርጥብ አሸዋ ሲሞላ ወደ 750 ኪሎ ይደርሳል፤ ስለዚህ ብዙ ትርፍ የለውም። ላሜራ ተጨምሮበት የተረዘመ ባኬት ካየህ ማሽኑ ዕድሜውን ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ኖሯል። ለኪራይ ስታስብም ይህን እወቅ፤ ይህ ማሽን ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ሲኖትራክ አይጭንልህም፤ ቁመቱ አይደርስም። ለአይሱዙ ገልባጭ፣ ለፋውንዴሽን ሙሌት፣ ለግቢ ማስተካከል፣ ለኮብልስቶን ሥራ ግን የሚወዳደረው የለም።

ስለ ወረቀት። የማሽኑን ሲሪያል ቁጥር ከብረት ሰሌዳው ላይ ፎቶ አንሳና ከሊብሬውና ከዲክላራሲዮኑ (ከጉምሩክ ወረቀቱ) ጋር አስተያይ። በቦብካት ላይ የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ሞዴሉን ይናገራሉ፤ ከብራንዱ ወኪል ማረጋገጥ ይቻላል። ሰሌዳው ከሌለ ወይም አዲስ ሪቬት ካለው ውል አትግባ። ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ማሽኑ የገባው ቀረጥ ተከፍሎ ነው ወይስ በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ከቀረጥ ነጻ? ከቀረጥ ነጻ የገባ ማሽን መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቃል። በርካሽ የተሸጠ የሚመስለው ማሽን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚህ ጋ ነው። በዕዳም ሊያዝ ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ 1147/2011 መሠረት ማሽነሪ ለብድር ዋስትና ሆኖ በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ሊመዘገብ ይችላል። መዝገቡን ሳታስፈትሽ አትክፈል። ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር ደግሞ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ 15 በመቶ ቀልድ አይደለም።

ቀብድ ከሰጠህ በውል ይሁን፤ «በመካኒክ ተፈትሾ ካለፈ» የሚል ቃልም ይኑርበት። በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ያ ቃል ከሌለ የተበላሸ ፓምፕ አግኝተህ ብትወጣ እንኳ ገንዘብህን ለማስመለስ ትከራከራለህ።

ዋጋው ስንት ይሁን ብለህ አልጠየቅከኝም፤ እኔም ማሽኑን ሳላይ አልናገርም። መንገዱ ግን ቀላል ነው። ከመደራደርህ በፊት የድራይቭ ሞተር፣ የፓምፕ፣ የአራት ጎማ፣ የፒንና ቡሽ፣ የሙሉ ዘይትና ፊልትሮ ዋጋ ከሁለት የመለዋወጫ ሱቅ ጠይቅና ወረቀት ላይ ጻፍ። ከፍተሻው በኋላ የሚያስፈልገውን ብቻ ደምር። ሻጩ ፊት ወረቀቱን ዘርጋው። «በጣም ውድ ነው፣ ቀንስ» ከሚለው ይልቅ «የግራው ድራይቭ ሞተር ያፈሳል፣ ዋጋው ይኸው» የሚለው ይሰማል። ጊዜውንም ተጠቀም። ሐምሌና ነሐሴ ሳይት ይቀዘቅዛል፤ ማሽኑን አቁሞ የኦፕሬተር ደሞዝ የሚከፍል ባለቤት ለድርድር ይቀርባል።

ዱባይ የሚለውን አትናቀው፣ አታምልከውም። እዚያ በሙቀትና በደቃቅ አሸዋ የሠራ ማሽን ራዲያተሩና የዘይት ማቀዝቀዣው ይደፈናል። በመብራት ከኋላ አይተህ ብርሃን በክንፎቹ መሃል ካላለፈ ያንኑ ሙቀት ፓምፑም ተቀብሎታል። አዲስ ሞዴል እንግዛ ካላችሁ ደግሞ የጭስ ማጣሪያ ያለበትን ከመምረጣችሁ በፊት አስቡ። እሱ ሰልፈሩ ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አሥራ አምስት እጅ) የማይበልጥ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ሲደፈን ማሽኑ ጉልበቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ለማጽዳትም ኮምፒውተር ያለው ሰው ያስፈልጋል።

ስለ መሸጡ። ዋጋ ያወጣል፣ ግን ዛሬ ጀምረህ ካዘጋጀኸው ነው። አንድ ደብተር ግዛና ማሽኑ ውስጥ አኑር። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ የቆጣሪው ሰዓት፣ የተገዛው ፊልትሮ፣ ከነደረሰኙ። አሁን አንተ ያጣኸው ወረቀት ይሄው ነው፤ ሲኖርህ ከጎረቤትህ ተመሳሳይ ማሽን በላይ ትሸጣለህ። ስትሸጥ ቀለም አትቀባ። የሚያውቅ ገዢ አዲስ ቀለም ሲያይ ምን እንደሸፈነ ነው የሚያስበው። ለዚያ ያዘጋጀኸውን ብር ፒንና ቡሽ ላይ አውለው፣ ራዲያተሩን አጽዳ፣ የተበላሸ ሴንሰር ካለ ቀይር። ገዢው ሲመጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ራስህ «ና፣ እጅህን ጣልበት» በለው። ከተቻለ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ አውጣው፤ ዝናቡ ሲያቆም ሳይቶች ይከፈታሉ፤ ማሽን ፈላጊም ያኔ ይበዛል። ጃክሃመርና መጥረጊያ ካለህ ለየብቻ ዋጋ ጥራላቸው። አብሮ የሚሸጥ ዕቃ ገዢው «ጣልልኝ» የሚለው ነገር ይሆናል።

የሲሪያሉን ፎቶና የሰንሰለት ቤቱን ዘይት በነጭ ወረቀት ላይ አንስተህ ላክልኝ፤ ዓርብ ሳይደርስ አይቼ እመልስልሃለሁ።